ሲሄድ ያልታየ ዜማ

አክስቴ ሰውን የምታውቀው በትከሻው ነው። መንገድ ላይ ሰላም ያላትን ሰው ስሙን ትረሳለች፤ ፊቱም ይምታታባታል። ዞሮ ሲሄድ ግን ከኋላው ታየውና፣ «እንዴ! ይሄማ ግራ ትከሻው ዝቅ የሚለው ነው። ግራጫ ኮት ሰፍቼለታለሁ» ትላለች። ልኬት ስትወስድም መጀመሪያ ከአፏ የሚወጣው ያው ነው፦ «ትከሻህን ልቀቀው፤ ማንም አይወስድብህም።» ሰፈሩ እትዬ ትከሻ ብሎ ስም ያወጣላት በዚህ የተነሳ ነው። እኔ እትዬ ብቻ እላታለሁ። ከእናቴ ቤት ወደ እሷ ቤት የመጣሁት ለትምህርቴ ስለሚቀርብ ነበር። ትምህርቱ አለቀ፤ እኔ ግን አልሄድኩም።

ቤቷ የአንድ አሮጌ ፎቅ ቤት ምድር ቤት ነው። ወደ መንገዱ ያለው ክፍል ልብስ ስፌቱ ሲሆን ጓዳው ደግሞ የሁለታችን መኖሪያ ነው። ከአጠገባችን፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን፣ የብረት በርና መስኮት የሚበይድ ሰው አለ። አክስቴ ብረቱ ትለዋለች። ከላያችን አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይኖራሉ፤ ሰፈሩ በሙሉ እሳቸው ዘንድ ፊደል ስለቆጠረ ዛሬም ቲቸር ነው የሚላቸው።

ልብስ ሰፍታ ስትጨርስ አንድ ልማድ አላት። ባለቤቱ መስታወት ፊት ቆሞ ሲደሰት አታየውም፤ ጀርባዋን ሰጥታ ከወለሉ ላይ ክር ትለቅማለች። ለብሶት ሲወጣ ግን መቀሷን አስቀምጣ በር ላይ ትቆማለች፤ ማዕዘኑን እስኪዞር በዓይኗ ትሸኘዋለች።

«መስታወት ይዋሻል» ትላለች። «መስታወት ፊት ሁሉም ሰው ቀጥ ብሎ ነው የሚቆመው። ልብስ የሚታወቀው ሲሄድ ነው። ጀርባው ካልተሸበሸበ፣ እጅጌው ከሰውየው ጋር ከተወዛወዘ፣ ያኔ ከእኔ ወጣ እላለሁ።»

ጊታሩ ወደዚህ ቤት የገባው እኔ ሳልወለድ ነው። አንድ ቀጭን ሰው የሸራ ሽፋን እንድትሰፋለት አመጣው። ተራ የእንጨት ጊታር ነው፤ ኤሌክትሪክ አያውቅም። «አንገቱ ረዘም ያለ፣ ወገቡ የተሰበረ፣ ትከሻው ግን እኩል!» እያለች ዛሬም ታወራለች። «ትከሻው እኩል የሆነ ደንበኛ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም።» ለካችው፤ ሽፋኑን ሰፋች፤ ቀጭኑ ሰው ግን አልተመለሰም። ጠበቀችው። ክረምት መጥቶ ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ከተሰቀለበት አውርዳ አቧራውን ስትጠርግለት ክሩ ጮኸ፤ እሷም ደነገጠች፤ ደግማ ነካችው። ክሩን መቃኘት ያሳያት አንድ የሙዚቃ ቡድን ዩኒፎርም ሊያሰፋ የመጣ ደንበኛ ነው። ሌላውን ከሬዲዮና ከራሷ ጆሮ ነው የተማረችው።

«የሰው ዕቃ ነው» ትላለች እስከ ዛሬ። «ባለቤቱ ሲመጣ ክሩ ዝጎ እንዳያሳፍረኝ ነው የምነካካው።» ባለቤቱ ዛሬ ቢመጣ ግን የምትሰጠው አይመስለኝም።

የምትለማመደው በደንበኛና በደንበኛ መሃል ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ የማሽኑን ቀበቶ ከመዘውሩ ታወልቃለች፤ ከወንበሯ ሳትነሳ፣ እግሯንም ከፔዳሉ ሳታወርድ፣ ጊታሩን ታቅፋለች። ሰው ሲገባ ጊታሩ ከኮቶቹ መሃል ይሰቀላል፤ ቀበቶው ይመለሳል። አንዴ አንድ ደንበኛ የራሱን ኮት ሲፈልግ እጁ ጊታሩ ላይ ቢያርፍ፣ «ይሄ የማነው? ሆዱ ገፋ ብሏል» አለ። እሷም ቀና ሳትል፣ «ከእርስዎ ይሻላል» አለችው።

ከእነዚህ ትርፍራፊ ጊዜያት አንድ ዜማ ሠራች። ቃል የለውም፤ ስምም የለውም። ዝቅ ብሎ፣ በር እንደማንኳኳት ባለ ነገር ይጀምርና ይከፈታል፤ መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ወደ መነሻው ሲመለስ ግን እንደሄደ ሆኖ አይመለስም፤ የሆነ ነገር አይቶ የመጣ ይመስላል። ለብዙ ዓመት እየፈታች ስትሰፋው ኖራለች። የሰማነው እኔና ግድግዳዎቹ ነን።

ያመማት ግራ እጇ ነው። መጀመሪያ መርፌ ይወድቅባት ጀመር። ቀጥሎ ጠዋት ስትነሳ እጇን እንደ እርጥብ ጨርቅ ማራገፍ አመጣች። ጊታሩን ስትይዝ ደግሞ ዜማውን አንድ ሁለት ጊዜ እንደተጫወተች ጣቶቿ ይደነዝዛሉ፤ ክሩን ይስቱታል። ከዚያ በኋላ እስኪለቃት ረጅም ሰዓት ማረፍ አለባት። እኔ ነኝ እየጎተትኩ ሐኪም ዘንድ የወሰድኳት።

«ነርቩ የሚያልፍበት ቦታ ጠቦታል» አላት ሐኪሙ አንጓዋን እየተጫነ። «ከፍተን ቦታ እንሰጠዋለን።»

«እንደ ጠባብ እጅጌ።»

«ልክ እንደ ጠባብ እጅጌ።»

«ከዚያ በኋላ ክር ሲነካኝ ይሰማኛል?»

ሐኪሙ አንጓዋን ለቀቀ። «ብዙ ሰው ይሻለዋል። የእርስዎ ግን ቆይቷል። መቀስ ይይዛሉ፤ ይሄን ቃል እገባለሁ። የጣትዎ ጫፍ እንደ ድሮው እንዲሰማዎት ግን ቃል አልገባም። ብናዘገየው ደግሞ ይብሳል።» ቀጠሮው ለሚመጣው ሰኞ ተያዘ።

ስንመለስ ግማሹን መንገድ እጇን እያራገፈች ሄደች። ከዚያ ቆመች።

«ሚጡ።»

«አቤት እትዬ።»

«ያ ስልክሽ ድምፅ ይቀዳል አይደል?»

«ይቀዳል።»

«ከሰኞ በፊት ያንን ዜማ ትቀጂልኛለሽ።»

«እትዬ፣ እጅሽ እኮ...»

«ለእጄ ብዬ እኮ ነው!» አለች። ድምጿን ከፍ ስታደርግ ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ራሷም ደነገጠችና ቀስ አለች። «የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ሰው ላይ ሆኖ ሲሄድ አይቻለሁ። ይሄ ዜማ ግን ከእኔ ወጥቶ አያውቅም። እየተጫወትኩማ እንዴት ልስማው? የለበስኩትን ልብስ ከጀርባው ልይ እንደማለት ነው። አንዴ ብቻ፣ ሁለቱም እጄ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ልስማው። ከዚያ ቢላዋው ይምጣ።»

በነጋታው ጀመርን። በስፌቱ ክፍል፣ በለመደችበት ወንበር ላይ ሆና ስትጫወት ስልኬን ማሽኑ ጎን አስቀምጬ ቀዳሁ። መልሰን ስንሰማው የመኪና ጥሩንባ፣ የሚንቋቋ ጋሪ፣ ከዚያም ልክ ዜማው ሊዞር ሲል አንድ ወፍራም ድምፅ፦ «ዚፕ ትቀይራላችሁ?» የእሷም መልስ ተቀድቷል፦ «አንቀይርም! ነገ ይምጡ እንቀይራለን!»

ወደ ጓዳ ገባን። ወንበሯን አስገባንላት፤ ማሽኑ ግን ከባድ ስለሆነ ከነፔዳሉ እዚያው ቀረ። ስልኩን ጊታሩ አፍ አጠገብ ሳስቀምጠው ድምፁ እንደ ባዶ በርሜል ያስገመግማል። ወደ ጣቶቿ ሳስጠጋው ደግሞ ከዜማው ይልቅ ቆዳዋ ክሩ ላይ ሲፋቅ ይሰማል። በመጨረሻ የካውያው ጠረጴዛ ላይ፣ ክንድ ያህል ርቆ ሲቀመጥ ጥሩ ሆነ። ያኔ አንድ ቀጭን ፉጨት መጣ። ቀና ብዬ ባያት ከንፈሯ መሃል ሦስት ስፒል ይዛለች። ሥራ ላይ ስትሆን አፏ የስፒል ማስቀመጫ ነው፤ መተንፈሱን የሚሠራው አፍንጫዋ ነው። «ኧረ እትዬ፣ ምኑን ልትወጊው ነው?» ብላት ስፒሎቹን እያየች አፈረች።

ቁርጥራጩን እየቀዳሁ ልቀጥለው ብዬ ጠየቅኳት። ስልኩ ላይ ይቻላል፤ ጥሩ ጥሩውን መርጦ ማያያዝ ነው፤ እጇም ያርፋል።

«ስፌቱ ይታያል።»

«አይታይም እትዬ፤ ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ። አንድ ወጥ ጨርቅ ነው የምፈልገው።»

ያገኘን ትልቁ ችግር ግን ከራሷ ሙያ የመጣ ነበር። ጓዳው ግድግዳው ባዶ ስለሆነ ድምፁ እየተጋጨ ይመለሳል። እሷም የምታውቀውን አደረገች፤ ክፍሉን ገበር አለበሰችው። ያሉንን ኮቶች በሙሉ በግድግዳው ዙሪያ ሰቀልን። መስኮቱ ላይ ሦስት መጋረጃ ደረብን። የትከሻ ስፖንጅ በየማዕዘኑ ጠቀጠቅን። የበሩን ስር በተጠቀለለ ጨርቅ ዘጋን። ውስጡ ስንቀመጥ የራሴ ድምፅ እንኳ ሩቅ ሆነብኝ። ተጫወተች፤ ሰማነው። ጊታሩ ትራስ ስር ተኝቶ የሚያጉረመርም ይመስል ነበር።

ልታለቅስ መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደለጠፈች፣ ደንበኛ እንደምታይበት ዓይን ክፍሉን ዞራ አየችውና፣ «ደረቱ ላይ አጠበቅነው» አለች። «መተንፈስ አቅቶታል። ነይ እንፍታው።»

እኔ መሃል ላይ ቆሜ አጨበጭባለሁ፤ እሷ አንድ ኮት ታወርዳለች። «አጨብጭቢ! ገና ነው።» ሌላ ታወርዳለች። «አጨብጭቢ! አሁን ወገቡ መጣ።» መጋረጃውን አነሳች። እንዲህ እያልን፣ እጄ እስኪቀላ ድረስ፣ ክፍሉን በልኩ አደረግነው። ከኮቶቹ ገሚሱ ወረደ፤ ገሚሱ ቀረ። ስትጫወት ጊታሩ ዘፈነ። ተቃቅፈን ዘለልን።

ከዚያ ያ ድምፅ መጣ።

ጢቅ።

የተቀዳውን ስንሰማ ከዜማው ስር አለ። ጢቅ... ጢቅ... ጢቅ። ጸጥ ያለ ነው፤ ግን አንዴ ከሰሙት ሌላ ነገር አይሰማም። መጀመሪያ ፍሪጁን ጠረጠርን፤ ነቀልነው። ወተቱ ተበላሸ፤ ጢቅታው ግን እንዳለ ነው። የግድግዳ ሰዓቱን አውጥተን ስፌቱ ክፍል ውስጥ ኮት አለበስነው። እንዳለ ነው። እጇ ደንዝዞ እስከ ነገ ማረፍ ግድ ሆነ፤ ቀኑም እንዲሁ ሄደ። በነጋታው ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ወደ ጎረቤት ገሰገሰች፤ እኔም ከኋላዋ።

«ብረቱ!»

«አቤት እትዬ! ሱሪዬ ደረሰ?»

«ሱሪህ ይቆይ። ያን መዶሻህን ጥቂት አሳርፍልኝ።»

በያጁ ከመስኮቱ ፍሬም ኋላ ቀና አለ። እጁ ላይ የቀለም ብሩሽ ነበር። «የቱን መዶሻ? ከትናንት ጀምሮ ቀለም ላይ ነኝ። ብሩሽ ይጮህባችኋል እንዴ?»

አክስቴ ብሩሹን አየች። ብሩሹ ይንጠባጠባል። ተሸንፋ መመለስ ደግሞ አይሆንላትም።

«እንግዲያው ቀስ ብለህ ቀባ!» ብላው ወጣች።

ቤት ገብታ የተቀዳውን ደግማ ደግማ ሰማችው። ከዚያ ጣቷን ቀሰረች። «ስሚ ሚጡ። ዜማው ሲፈጥን ይፈጥናል፤ ሲዘገይ ይዘገያል። ማሽን እንዲህ አያደርግም። ሰው ነው። የሚሰማኝ ሰው አብሮ እየመታ ነው።» ዓይኗ ቀስ ብሎ ወደ ጣሪያው ሄደ። ከላይ የሚሰማን አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ምርኩዝ አለው።

ቲቸር በራቸውን ሲከፍቱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነበር። አክስቴ እጅ ነስታ፣ ስለ ጤናቸው ጠይቃ፣ ስለ ጉልበታቸው ጠይቃ፣ ዞራ ዞራ ወደ ነገሩ ደረሰች።

«እኔ? በምርኩዝ?» አሉ። «ምርኩዝ የምይዘው ገበያ ስወጣ ነው። ቤት ውስጥ ምን ላድርግበት፣ ልጨፍርበት?»

«አይቀየሙኝ ቲቸር። ከዜማዬ ጋር እኩል ነው የሚመታው። ሳይታወቅዎት ይሆናል፤ ሰው ሙዚቃ ሲሰማ...»

«ሳይታወቀኝ!» ነጠላ ጫማቸውን አጠለቁ። «ተጠርጥሬማ አልቀመጥም። እወርዳለሁ። ፊትሽ እቀመጣለሁ፤ ምርኩዙም እዚሁ ይቅር። ያኔም ጢቅ ካለ ምን ትያለሽ?»

ክንዴን ይዘው አንድ አንድ ደረጃ ወረዱ። ብረቱም ከነብሩሹ በር ላይ ደረሰ፦ «እኔም ነፃ መሆኔን ላረጋግጥ ነው የመጣሁት።» ሁለቱ የአልጋው ጠርዝ ላይ፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው ተቀመጡ። አክስቴ ሰው ፊት ተጫውታ አታውቅም። አንገቷ ድረስ ቀላች። ግን ጀመረች።

ጢቅ... ጢቅ... ጢቅ።

ብረቱ ብሩሹን ወደ ላይ አነሳ፤ «እኔ አይደለሁም» ማለቱ ነው። እኔ ስልኩን ነው የማየው። ቲቸር ግን ከጠረጴዛ ስር የሚጫወት ተማሪ ሲይዙ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ዓይናቸው ቀጥታ ወደ ታች ወረደ። አንድ ደቂቃ ያህል አዩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አፋቸውን በእጃቸው ቢሸፍኑም ሳቁ አመለጣቸው።

«የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች!» አሉ። «እግርሽን እይ፣ አንቺ ሴት!»

ሁላችንም አየን። ከረጅሙ ቀሚሷ ስር ቀኝ እግሯ ተረከዙን ይጥላል፣ ጣቱን ይጫናል፤ ተረከዙን ይጥላል፣ ጣቱን ይጫናል። ፔዳል እየረገጠ ነው። ፔዳሉ እዚህ ክፍል ውስጥ የለም፤ ስሩ ያለው የላላ የወለል ሳንቃ ነው። በረገጠችው ቁጥር ሳንቃው፦ ጢቅ።

እትዬ እግሯን የሌላ ሰው እግር እንደሆነ ሁሉ ጎንበስ ብላ አየችው። «ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«እሱማ ሥራ ላይ ነው እትዬ» አለ ብረቱ። «የእኔን ሱሪ እየሰፋ ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የእኔ ጆሮ ደግሞ ከባዳም ብሶ ነበር። ያንን እግር በየቀኑ እያየሁት ነው የኖርኩት፤ ለእኔ የዚህ ቤት ጸጥታ ማለት የእሱ መውረድና መውጣት ነው። እንዴት ልስማው?

ይቅርታ ተጠያየቁ፤ ተሳሳቁ። ነገሩ ያለቀ መሰለን። እትዬ፣ «ይቺማ ቀላል ናት» ብላ ሁለት እግሯን አጥብቃ አቆመችና ጀመረች። ሁለተኛው መዞሪያ ላይ ጣቶቿ ተጠላለፉ። እንደገና ጀመረች፤ እዚያው ቦታ ተበተነ። እግሯን አጣጠፈች፤ ዜማው ልጓሙ እንደተፈታ ፈረስ ሸመጠጠ። ቲቸር በነጠላ ጫማቸው የእግሯን ጫፍ ረግጠው ያዙላት፤ የባሰ ሆነ፤ ትከሻዋ መርገጥ ጀመረ። ከዚያ ግራ እጇ ደነዘዘ። ጊታሩን አስቀመጠች።

ማንም አልሳቀም። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር።

«ለካ በእግሬ ነው የምጫወተው» አለች ቀስ ብላ። «እግሬ ሲቆም ጣቴም ይቆማል። ማሽኑም እንደዚሁ ነው።»

«ታዲያ ጢቅታው ቢኖርስ ምን አለበት?» አለ ብረቱ። «እኔ ሳልበይድ የሰማሁት ሙዚቃ ይሄ ብቻ ነው፤ ከነጢቅታው ደስ ብሎኛል።»

«ክር የተንጠለጠለበት ልብስ አስረክቤህ አውቃለሁ?»

«ሱሪዬን መቼ አስረከቡኝና!»

ፈገግ አለች፤ ግን ከአንገት በላይ ነው። እኔ እሑድ ቀኑን ሙሉ ስትተክዝ የምትውል መስሎኝ ነበር። ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ አልጋዋ ተነጥፏል። ስፌቱ ክፍል ውስጥ፣ ወንበሯ ላይ፣ ያለ ጊታር ተቀምጣ እግሯን ትፈትናለች። ከእግሯ ስር የታጠፈ ብርድ ልብስ ነበር። «ይሄ ይሰምጣል፤ ግን አይመልስልኝም» አለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስንወያይ ያደርን ይመስል። «ፔዳል ስትረግጪው መልሶ ይረግጥሻል። እግሬ የሚፈልገው እሱን ነው።» ስፖንጅ ሞከረች፤ ይመልሳል፣ ግን ሲጨመቅ ይጮኻል። ትራስ ሞከረች፤ ይንሸራተታል። ወንበሯን እየጎተተች ክፍሉን ዞረች፤ በመጨረሻ መቁረጫው ጠረጴዛ ስር ያለውን ከረጢት አየችው።

ያ ከረጢት የቁርጥራጭ ማጠራቀሚያችን ነው። ከእያንዳንዱ ልብስ የተረፈው ነገር ሁሉ እዚያ ይጣላል፤ ሲሞላ በእግር ይጠቀጠቃል፤ ሌላ ይጨመርበታል። የግራጫው ኮት ቁራጭ እዚያ ውስጥ አለ፤ የቲቸር የበዓል ቀሚስ ትርፍም፣ የእኔ የምርቃት ልብስ ትርፍም። ጎትታ አወጣችው፤ አፉን ፈታች፤ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን እስከ ቁርጭምጭሚቷ ከተተችው። ረገጠች። ከረጢቱ ዋጠው፤ ቀስ ብሎም መለሰው። ረገጠች። መለሰው። አንድም ድምፅ የለም።

ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር በቃል ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አቅቶኛል።

«ሂጂ ለብረቱ ንገሪው» አለች። «በሩ ላይ ይቁምልኝ። ለቲቸርም ንገሪ፤ አልጋቸው ላይ ይውጡ፤ እንዳይራመዱ።»

ብረቱ በርጩማ ይዞ መጣና ደጃችን ላይ ተቀመጠ፤ የሚመጣውን ደንበኛ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ሲመልስ በመስኮት አየው ነበር። አንዲት ሴትዮ፣ «ታመመች እንዴ?» ብላ ብትጠይቀው፣ «አይ፣ እየወለደች ነው» አላትና ነገር አበላሸ። ከላይ የቲቸር አልጋ ሲጢጥ ብሎ ዝም አለ። ወንበሩንም ከረጢቱንም ጓዳ አስገባን፤ እትዬ ተቀመጠች፤ እግሯን ከተተች። ስፒል እንዳልያዘች ከንፈሯን በጣቷ አረጋገጠች። እኔ ስልኩን ነካሁት።

መጀመሪያ ላይ አንድ ክር ተንጣጣ፤ ጣቷ በደንብ አልተጫነውም። ቆመች። ሁለተኛው በጣም ቆንጆ ሆኖ ሄደ፤ ግማሹን አልፎ ሞተር ሳይክል መንገዱን ሰንጥቆት ነጎደ። ብረቱ ከኋላው ሲሳደብ ያም ተቀዳ። እጇን አራገፈች። ድንዛዜው መጥቷል፤ አይቻታለሁ። ለብ ያለ ውሃ አቀረብኩላት፤ እጇን ነክራ ዓይኗን ጨፍና ቆየች።

«ይብቃን እትዬ» አልኩ። «ሁለተኛው እኮ...»

«አንዴ ይቀረኛል» አለች። «አንዴ አለኝ፤ አውቀዋለሁ።» እጇን አንድ በአንድ፣ ጣት በጣት፣ በንጹህ ገበር ጨርቅ አደረቀች።

ሦስተኛውን ጀመረች። በር እንደማንኳኳት ያለው ነገር መጣ፤ ተከፈተ። እግሯ ከረጢቱ ውስጥ ይወርዳል፣ ይወጣል። የመጀመሪያው መዞሪያ አለፈ። ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ፊቷ ተለወጠ፤ ክሩ ጣቷ ላይ እንደጠፋባት ገባኝ። ሁልጊዜ ስትጫወት ወደ መንገዱ ነበር የምታየው፤ አሁን ጎንበስ ብላ ግራ እጇን አየችው፤ የማይሰማትን ጣት በዓይኗ እየመራች፣ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር እንደምታስገባ፣ አንድ በአንድ በቦታው አስቀመጠችው። ዜማው ትንሽ ዘገየ። አልተበጠሰም። ከዚያ ወደ መነሻው ተመለሰ፤ የሆነ ነገር አይቶ እንደመጣ። የመጨረሻው ክር ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ፣ ኮቶቹ ውስጥ ገብቶ እስኪጠፋ ማንም አልተነፈሰም።

«አሁን ዝጊው» አለች በሹክሹክታ።

ቲቸር ወረዱ፤ ብረቱ ገባ። እትዬ ወንበሯን ወደ በሩ አዞረች። ሁለቱንም እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። ከፈትኩላት። ደንበኛ በምትሸኝበት አኳኋን፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ ዓይኗን ወደ መንገዱ ጥላ አዳመጠች። እግሯ ግን አሁንም ከከረጢቱ አልወጣም ነበር፤ አብሮ ይረግጣል። ሲያልቅ ሁላችንም እሷን አየን።

«መሃሉ ላይ ትንሽ ይጠባል» አለች። ቆየት ብላ አፍንጫዋን በሜትሯ ጫፍ ጠረገች። «ግን ይሄዳል።»

ብረቱ ወደ ስልኩ እንድልክለት ለመነኝ፤ ላክሁለት። በነጋታው እጇ ተከፈተ።

አሁን ሳምንታት አልፈዋል። ፋሻው ቀንሷል፤ ጠቋሚ ጣቷ ተመልሷል፤ የሁለቱ ጣቶቿ ጫፍ ግን ገና ነው፤ ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም አያውቅም። እሷ ግን በየጠዋቱ ዓይኗን ጨፍና ቁልፍና ስፒል በጣቶቿ መለየት ትለማመዳለች፤ ስትሳሳት ትሰድባቸዋለች። ጊታሩ ከኮቶቹ መሃል ተሰቅሏል። ስፌቱን እኔ ቁልፍ በመትከል እረዳታለሁ፤ እሷ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ የሠራሁትን ታስፈታኛለች።

ትናንት ብረቱ የመስኮት ፍሬም ትከሻው ላይ ተሸክሞ በደጃችን አለፈ። በመጨረሻ የተሰፋለትን ሱሪ ለብሷል። እያፏጨ ነበር። እኔ ቁልፌ ላይ አጎንብሼ ስለነበር ወዲያው አላወቅኩትም፤ እትዬ ግን ብድግ አለች። በር ላይ ቆመች። ማንኳኳቱ፣ መከፈቱ፤ በጥርሱ መሃል እየተንሸራተተ፣ ግን እሱው ነበር። ሁለተኛው መዞሪያ ላይ ሲደርስ አሳጥሮ ዘለለው።

«ብረቱ!»

«አቤት!»

«ሁለተኛው ላይ አታሳጥረው! እጅጌውን እኮ ነው የቆረጥከው!»

ሳይዞር ባዶ እጁን አወዛወዘላት። ጥቂት ተራመደና እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። ማዕዘኑን እስኪዞር ድረስ እትዬ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።